ለግሩፕ ቢልድ የሞዴል አውሮፕላን ኪት ስትመርጡ የሳጥኑ ስዕል እንዳይሸውዳችሁ

ሁለት ጊዜ ግሩፕ ቢልድ ገብቼ ሁለቱንም ሳልጨርስ ቀርቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የያዝኩት ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ነበር፣ ሁለተኛውን እንኳን "ካፈርኩ አይመልሰኝ" ብዬ ነው የገባሁበት እንጂ የመጀመሪያው በቂ ነበር። አንደኛው ቢ-17 እስከዛሬ አንድ ክንፍ ብቻ ይዞ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ከዛ ወዲህ የገባሁባቸውን በሙሉ ጨርሻለሁ፣ እጄ ያው እጄ ነው፣ የተቀየረው የኪት (በሳጥን የሚሸጥ፣ ራሳችሁ የምትገጣጥሙት ሞዴል) አመራረጤ ነው። እሱን ልንገራችሁ።

ለማያውቅ፦ ግሩፕ ቢልድ ማለት ብዙ ሞዴለሮች አንድ ርዕስ ተሰጥቷቸው፣ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ተቆርጦላቸው፣ ሁሉም የየራሱን ኪት እየሰራ ፎቶ እያሳየ የሚሄድበት ነገር ነው። ውድድር አይደለም፣ ቢያንስ አብዛኛው። ግን ቀን አለው፣ እና ያ ቀን ነው ሁሉን ነገር የሚቀይረው፣ ለራሳችሁ ስትሰሩ ሁለት አመት የሚፈጅ ኪት ምንም አይደለም፣ እዚህ ግን ሁሉም ጨርሶ ሲወጣ እናንተ ገና ኮክፒት (የፓይለቱ ክፍል) ላይ ናችሁ።

ከሳጥኑ በፊት ካላንደሩ

ሰው ኪት ሊመርጥ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው የሳጥኑን ስዕል ነው፣ ከፊት እሳት የሚተፋ መትረየስ፣ ከኋላ ጭስ፣ ከስር ባህር፣ በቃ ልብ ይሄዳል። እኔ አሁን መጀመሪያ የማየው ካላንደር ነው። አራት ወር ተሰጥቷችኋል እንበል፣ 17 ሳምንት ገደማ ነው። እውነት እውነቱን እናውራና በሳምንት ስንት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣላችሁ? ሶስት ሰዓት ከሆነ 51 ሰዓት አላችሁ ማለት ነው። ከዛ ላይ የምትታመሙበት፣ ስራ የሚበዛበት፣ እንግዳ የሚመጣበት፣ ደሞ "ዛሬስ አላሰኘኝም" የምትሉበት ቀን አለ፣ እኔ በደፈናው አንድ ሶስተኛውን እጥላለሁ፣ 34 ሰዓት ይቀራል።

እኔ 1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ) ላይ ባለ አንድ ሞተር ተዋጊ ከ20 እስከ 25 ሰዓት ይፈጅብኛል። ስለዚህ ይገባል፣ ትርፍም አለው። ባለ አራት ሞተሩስ? ሞተር አራት፣ የሞተር ሽፋን አራት፣ ፕሮፔለር አራት፣ አንዱ አንድ ማታ ከወሰደ አራቱ አራት ማታ ነው፣ ሶስተኛው ላይ ስትደርሱ ደሞ ያንኑ ነገር መድገም ይሰለቻችኋል። ቢ-17 ላይ መስታወቱ ራሱ ጉድ ነው፣ የአፍንጫው፣ የፓይለቶቹ፣ የጣሪያው ተኳሽ፣ የሆዱ ተኳሽ፣ የጎኖቹ፣ የጅራቱ፣ ሁሉም ቀለም እንዳይነካቸው አንድ በአንድ በማስኪንግ ቴፕ ይሸፈናሉ። እኔ እጅ የሰጠሁት እዛ ጋ ነው።

ሌላው ሰው የሚረሳው የመድረቂያ ጊዜ ነው። አክሪሊክ የሚባለው ቀለም ቶሎ ይደርቃል፣ ኢናሜል የሚባለው ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ ያልደረቀ ሆኖ ቀናት ይፈልጋል፣ ቀድማችሁ ቴፕ ከለጠፋችሁበት ቴፑ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት እንደሌሉ ቁጠሯቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለቀበቶ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በመጨረሻው ማታ የተለጠፈ ጎማ ለፎቶ ስታነሱት ነው የሚወድቀው።

ርዕሱን ሁለቴ አንብቡ፣ ከዛ ቫሪያንቱን፣ ማለትም የአውሮፕላኑን ስሪት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ነው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ርዕሱ የብሪታንያ ውጊያ ነው እንበል። በእንግሊዞቹ አቆጣጠር ከጁላይ 10 እስከ ኦክቶበር 31፣ 1940 ነው። አንዱ ጓደኛችን "ስፒትፋየር ነው አይደል የሚባለው" ብሎ የሚያምር ማርክ 9 (ማርክ የስሪቱ ቁጥር ነው) ይዞ መጣ፣ ኮክፒቱን ጨርሶ ገላውን ዘግቶ ሶስተኛው ሳምንት ላይ ነው አንዱ "ይሄኮ አይገባም" ያለው። ማርክ 9 ስራ ላይ የዋለው 1942 ላይ ነው። በ1940 የሚፈለገው ማርክ 1 ወይ ማርክ 2 ነው። ልዩነቱን በአይን መለየት ይቻላል፦ ማርክ 9 ባለ አራት ብሌድ ፕሮፔለር አለው፣ ከክንፉ ስር ደሞ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ትልልቅ የራዲያተር ሳጥን አለው፣ ማርክ 1 ላይ ግን አንዱ ጎን ራዲያተር ሌላው ጎን ቀጭን የዘይት ማቀዝቀዣ ነው፣ ሁለቱ አይመሳሰሉም። ጀርመኖቹ ጋ ስትሄዱም እንደዛው ነው፣ ሜሰርሽሚት 109 ሲባል ለዚህ ርዕስ የሚሆነው ኢ የሚባለው ነው፣ የክንፉ ጫፍ ቆረጥ ያለ፣ የጅራቱን አግድም ክንፍ ከስር ደግፎ የያዘ ዘንግ ያለው። ከኤፍ ጀምሮ የክንፉ ጫፍ ክብ ሆኗል፣ ዘንጉም ጠፍቷል። ሳጥኑ ላይ "109" የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ ከቁጥሩ በኋላ ያለችው ፊደል ናት ዋናዋ።

ደሞ ፕላስቲኩ ልክ ሆኖ ዲካሉ (ውሃ ነክሮ የሚለጠፈው የአውሮፕላኑ ምልክትና ቁጥር) ላይገባ ይችላል። ርዕሱ የኮሪያ ጦርነት ከሆነ (ከጁን 25፣ 1950 እስከ ጁላይ 27፣ 1953) ፒ-51ዲ ሙስታንግ ይገባል፣ ያኔ ስሙ ኤፍ-51ዲ ተብሎ ነበር። ግን አብዛኛው የሙስታንግ ኪት ሳጥን ውስጥ የምታገኙት የሁለተኛው የአለም ጦርነት ዲካል ነው፣ ስለዚህ የኮሪያ ዲካል ለብቻ መግዛት ይኖርባችኋል፣ እሱ እስኪመጣ የሚፈጀውንም ጊዜ ካላንደሩ ላይ አስገቡት። በተቃራኒው ሚግ-17 ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ሚግ-15ን ቢመስልም እዛ ጦርነት ላይ አልተዋጋም።

ርዕሱ ልቅ ከሆነ ደሞ፣ "ማሰልጠኛ አውሮፕላን" ወይ "ውሃ ላይ የሚያርፍ" ወይ "ቢጫ ያለበት ማንኛውም ነገር" ከተባለ፣ እድል ነው፣ ቀላሉን ፈልጉ። ማሰልጠኛ ሲባል ሁሉም ታይገር ሞዝ ይላል፣ ግን ታይገር ሞዝ ባለ ድርብ ክንፍ ነው፣ በክንፎቹ መሃል የሚወጠሩ ሽቦዎች አሉት፣ የላይኛውን ክንፍ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ራሱ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ሃርቫርድ ወይ ቺፕመንክ አንድ ክንፍ ነው፣ ሽቦ የለ ጣጣ የለ። መጀመሪያችሁ ከሆነ ባለ ድርብ ክንፍ ለሚቀጥለው ይቆይ።

ከመግዛታችሁ በፊት ህጉን ጠይቁ፦ የተጀመረ ኪት ይፈቀዳል ወይ? ብዙ ቦታ ከ25 በመቶ በታች የተሰራ ከሆነ ይፈቀዳል ይባላል፣ አንዳንዱ ጋ ግን ያልተነካ ስፕሩ (እቃዎቹ ተያይዘው የሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም) ፎቶ ካላሳያችሁ አይሆንም። ተጨማሪ የተገዛ እቃ ይገባል ወይስ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብቻ? የማይገባችሁ ነገር ካለ አስተባባሪውን አስቀድማችሁ ጠይቁት፣ ማንም አይስቅባችሁም።

ስኬል፣ ማለትም ጠረጴዛችሁ ስንት ነው

ሂሳቡ ቀላል ነው፣ የእውነተኛውን ክንፍ ርዝመት ለስኬሉ ማካፈል ነው። የማርክ 1 ስፒትፋየር ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው። 1/72 ላይ 15.6 ሳንቲሜትር ይሆናል፣ 1/48 ላይ 23.4፣ 1/32 ላይ 35.1። ቢ-17ዋ 31.62 ሜትር ናት፣ 1/72 ላይ 44 ሳንቲሜትር ገደማ፣ 1/48 ላይ 66። ቢ-52 በ1/72 እንስራ ለሚል ሰው ደሞ 78 ሳንቲሜትር ነው፣ በር ሲያልፍ ተጠንቀቁለት፣ 1/144 ላይ ግን 39 ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይገባል።

ሰው ርዝመቱን ብቻ ያይና የቀለሙን ነገር ይረሳል። ከ1/72 ወደ 1/48 ስትሄዱ ርዝመቱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው ግን የሚቀባው ገላ 2.25 እጥፍ ነው። በብሩሽ የምትቀቡ ከሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰፊ ክንፍ ላይ የብሩሽ መስመር ይታያል። ኤርብራሽ (ቀለም የሚረጭ መሳሪያ) ያለው ሰው 1/48 ቢሄድ ኮክፒቱም በደንብ ይታይለታል፣ ትንንሿ እቃም አይን አታጠፋም። ለእኔ ግሩፕ ቢልድ ማለት 1/72 ነው፣ ይሄ የእኔ አቋም ነው፣ የሚከራከረኝ ሞልቷል።

ሳጥኑ አዲስ፣ ፕላስቲኩ አሮጌ

ሞዴል ኪት የሚሰራው በብረት ሞልድ (ፕላስቲኩ ፈስሶ ቅርጽ የሚይዝበት) ነው፣ ሞልዱ ደሞ አይሞትም፣ ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ከአንድ ካምፓኒ ወደ ሌላ ይዞራል። ፍሮግ የሚባለው የእንግሊዝ ካምፓኒ በ1970ዎቹ ሲዘጋ ብዙው ሞልዱ ሶቪየት ህብረት ገብቶ ኖቮ በሚል ስም ወጣ። የሞኖግራም ሞልዶች እስከዛሬ በሬቬል ሳጥን ይወጣሉ። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ አዲስ ሳጥን ገዝታችሁ ውስጡ ከእናንተ በእድሜ የሚበልጥ ፕላስቲክ ልታገኙ ትችላላችሁ። እኔ ላይ ደርሷል። አዲስ የታተመ ሳጥን ከፈትኩ፣ ሁለቱ የገላ ግማሾች ሲገጠሙ በመሃላቸው ካርድ ያልፋል፣ ሶስት ሳምንት ፑቲ (ክፍተት መሙያ) እና ብርጭቆ ወረቀት ላይ አለቀ።

ይሄን ለማወቅ ስኬልሜትስ የሚባለው የኢንተርኔት ዳታቤዝ ላይ የኪቱን ስም አስገቡ፣ ሞልዱ መጀመሪያ መቼ እንደወጣና ከዛ በማን በማን ሳጥን እንደዞረ በመስመር ያሳያችኋል። "አዲስ ሞልድ" እና "አዲስ ዲካል" የሚሉትን ለዩ፣ አዲስ ዲካል ማለት ልብሱን ቀየረ ማለት ነው። የስፕሩን ፎቶ ካገኛችሁ ደሞ መስመሮቹን እዩ። የቆዩ ኪቶች ላይ የፓነል መስመሩ ወደ ላይ ጎልቶ የወጣ ነው፣ መጋጠሚያውን ስታሹ አብሮ ይጠፋል፣ መመለሱ ስራ ነው። አዲሶቹ ላይ መስመሩ ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ነው። አሮጌ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ቅርጹ በጣም ልክ የሆነ የድሮ ኪት አለ፣ ግን ቀን ለተቆረጠለት ስራ ሳይሆን ለዝናባማ ቅዳሜ ነው የሚሆነው።

በደፈናው ይገጥማል ብዬ አይኔን ጨፍኜ የምገዛው የጃፓኑን ታሚያ ነው። 1/48 ላይ 2018 ያወጡት ማርክ 1 ስፒትፋየር ሙጫ ሳይነካው ራሱን የሚይዝ ነው የሚመስለው። 1/72 ላይ የፖላንዱ አርማ ሆቢ 2019 ያወጣው ሃሪኬን አለ፣ ቆንጆ ነው፣ ግን ትንንሽ እቃ ይበዛዋል። ኤርፊክስ አዲስ ሞልድ ከሆነ ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም፣ ስሙ ግን ያው ስለሆነ የድሮውን ከአዲሱ መለየት ግድ ነው። የቼኩ ኤድዋርድ ደሞ አንዱን ኪት በተለያየ መልክ ይሸጣል፦ ፕሮፊፓክ የሚለው ከተቀባ የብረት እቃ እና ከተቆረጠ ማስክ (ቀለም እንዳይነካ የሚለጠፍ ሽፋን) ጋር ይመጣል፣ ዊክኤንድ የሚለው ቀለል ያለ ነው፣ ኦቨርትሪስ የሚለው ፕላስቲኩ ብቻ ነው፣ ዲካል የለውም። ለግሩፕ ቢልድ የካኖፒው (የፓይለቱ መስታወት) ማስክ ብቻውን ፕሮፊፓኩን ያዋጣዋል እላለሁ፣ ያቺ ማስክ ሁለት ማታ ታተርፋለች። የብረቷን ዳሽቦርድ ካልፈለጋችሁ ተዉአት።

"ሾርት ረን" የሚባሉት ኪቶች ላይ ተጠንቀቁ። በትንሽ ቁጥር የሚመረቱ ናቸው፣ ማንም የማይሰራውን አይነት አውሮፕላን ይሰራሉ፣ ለዛ እወዳቸዋለሁ፣ ግን ብዙዎቹ ክንፉን ከገላው የሚያገጣጥም ፒን የላቸውም፣ በግምት ይዛችሁ ታደርቃላችሁ። ሬዚን (ሌላ አይነት ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ነገር) እቃም ይኖራቸዋል፣ ሬዚን በፕላስቲክ ሙጫ አይያዝም፣ ሱፐር ግሉ ነው የሚፈልገው፣ ስታሹት ደሞ አቧራው ለሳንባ አይሆንም፣ ውሃ ነክራችሁ እሹ፣ የአፍና አፍንጫ ማስክም አድርጉ።

ቀለሙ ምን ያህል ያስለፋል

የስራው ግማሽ ቀለም ነው፣ ስለዚህ አውሮፕላን ስትመርጡ ቀለም እየመረጣችሁ ነው። ከሁሉም ቀላሉ አንድ ቀለም የሆነ ነው። የአሜሪካ ባህር ሃይል ከ1944 ጀምሮ ተዋጊዎቹን በሙሉ አብረቅራቂ ጥቁር ሰማያዊ ይቀባ ነበር፣ ሄልካት ወይ ኮርሴር በዛ ቀለም ብትሰሩ ካሞፍላጅ የሚባል ነገር የለም፣ አብረቅራቂ ስለሆነ ዲካሉም ደስ ብሎት ይቀመጣል። የጃፓኑ ዜሮም የመጀመሪያዎቹ ወደ ግራጫ የሚሄድ አንድ ቀለም ናቸው፣ የሞተሩ ሽፋን ብቻ ጥቁር ነው። ከዛ ቀጥሎ ከላይ ወይራ አረንጓዴ ከታች ግራጫ የሆኑት አሜሪካኖች።

አስቸጋሪዎቹ፦ የጀርመን 109 ጎኑ ላይ ያለው ዥጉርጉር ነጠብጣብ፣ ኤርብራሽ ከሌላችሁ አትንኩት፣ ነብር ሊመስል አስቦ ኩፍኝ የያዘው ይመስላል። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ከስሩ ያለውን አይሸፍኑም፣ ብዙ ስስ ንብርብር ይፈልጋሉ። ያልተቀባ ብረት የሚመስለው፣ እንደ ኤፍ-86 እና ሚግ-15፣ ፎቶ ላይ ሲታይ ምንም ስራ የሌለው ይመስላል፣ ግን እያንዳንዷን ጭረትና የሙጫ አሻራ እንደ መስታወት ነው የሚያሳየው።

ጄት ስትመርጡ አንድ ሁለት ነገር። የአየር ማስገቢያው ውስጥ ረጅም መጋጠሚያ አለ፣ ጣት አይገባም፣ ወይ ትታገሉታላችሁ ወይ ሽፋን ሰርታችሁ ትደፍኑታላችሁ። እና መሳሪያው! ኤ-10 ስሰራ አውሮፕላኑ አልቆ ቦምብና ሚሳይል ላይ ሌላ አንድ ኪት የሚያህል ጊዜ ነው የፈጀሁት። መሳሪያ ሳይሰቀልበት ባዶውን ማቆም ይቻላል፣ ማንም አይከለክልም።

የፊት ጎማ ያላቸው አውሮፕላኖች፣ ፒ-38፣ ፒ-39፣ ቢ-25፣ ሜሰርሽሚት 262፣ ሚግ-15፣ አፍንጫቸው ውስጥ ክብደት ካልገባ ጅራታቸው ላይ ነው ቁጭ የሚሉት። ማኑዋሉ ስንት ግራም እንደሚፈልግ ይነግራችኋል፣ ገላው ከመዘጋቱ በፊት ብሎን ወይ የእርሳስ ፍሬ ክተቱ፣ ከተባለው ትንሽ ጨምሩበት። እኔ አንዴ ረስቼ 262ቷን ለመጨረሻው ፎቶ አፍንጫዋን በክር ስቤ ነው ያነሳኋት፣ ክሩ ፎቶው ላይ ይታያል።

ከሰው ጋር መሆኑን ተጠቀሙበት

ይሄኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ኪት ስትመርጡ ሌላው ምን እንደያዘ እዩ። አንዳንዱ "ሁሉም ስፒትፋየር ስለያዘ እኔ የተለየ ልያዝ" ይላል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ለጀማሪ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ ልምድ ያለው ሰው የያዘውን ኪት ያዙና አንድ እርምጃ ከኋላው ሂዱ። እሱ "ክንፉ ስር ያለችው ክፍል 23 አትገጥምም፣ መጀመሪያ ጠርዟን እሹት" ሲል እናንተ ገና አልደረሳችሁበትም። ያ ምክር የትኛውም ማኑዋል ላይ አይገኝም። እቃም ትካፈላላችሁ፣ አንድ የዲካል ወረቀት ላይ የሶስት አውሮፕላን ምልክት ካለ እናንተ አንዱን ነው የምትጠቀሙት፣ ሁለቱ ይተርፋል፣ ለጓደኛችሁ ስጡት። ኦቨርትሪስ የገዛ ሰው ካለ ደሞ ዲካል አጥቶ እናንተን ነው የሚጠብቀው። ምንጣፍ የበላውን ትንሽ እቃም ትርፍ ያለው ሰው አይጠፋም።

ሁለት ኪት መመዝገብ ግን ይቅርባችሁ። "አንዱ ሲደርቅ ሌላውን" ይባላል፣ ሁለቱም ደርቀው ይቀራሉ።

ኪቱ እጃችሁ ሲገባ የመጀመሪያ ቀኑን አትጠብቁ፣ ፕላስቲኩን የያዘውን ከረጢት መክፈት ከተፈቀደ እዛው ክፈቱና ስፕሮቹን ከማኑዋሉ ጋር ቁጠሩ፣ ካኖፒው ስንጥቅ እንዳለበት ወደ መብራት ይዛችሁ እዩት፣ ጉድለት ካለ የሸጠላችሁን ሰው ያኔውኑ ጠይቁ፣ ምትኩ እስኪመጣ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ኪቱ የቆየ ከሆነ የማትፈልጓትን አንዲት ትንሽ ዲካል ቁረጡና ውሃ ውስጥ ጨምሯት። ሳትበጣጠስ ከወረቀቷ ተንሸራታ ከወጣች ጥሩ። ከተሰባበረች ቀሪውን ሙሉ ወረቀት አብረቅራቂ ክሊር (ቀለም የሌለው ቫርኒሽ) ወይ ለዲካል የሚሸጠውን ፈሳሽ ቀቡት፣ ሲደርቅ አዲስ ቆዳ ይሆነዋል፣ ግን ከዛ በኋላ እያንዳንዱን ምልክት ጠርዙን ተከትላችሁ በምላጭ መቁረጥ አለባችሁ። ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ ደሞ መስኮት ላይ ለጥፋችሁ ፀሀይ አሳዩት፣ በጊዜ ብዛት ይነጣል፣ ለዚህም ነው አሁኑኑ ክፈቱት የምለው። ስፕሩን በእቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ ሞልዱ ላይ የሚቀባ ቅባት ስለሚቀርበት ቀለም አያስይዝም። አድርቁት፣ ወደ ሳጥኑ መልሱት፣ የቀለም ዝርዝሩን ከማኑዋሉ አውጥታችሁ የሌላችሁን ግዙ። ከዛ ሳጥኑን እና ያልተቆረጠውን ስፕሩ ፎቶ አንሱት፣ የመጀመሪያ ቀን የሚጠየቀው እሱ ነው።